መምህሩን ጂንካ ላይ ምን ያቆየዋል?

ጂንካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መቀበል የጀመረው በ2010 ዓ.ም ነው፤ አራተኛው ትውልድ ከሚባሉት ተቋማት አንዱ ሲሆን ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እንዲህ ላለ ተቋም መምህር ከመቅጠር ይልቅ ማቆየት ይከብዳል። ከዚያም የሚከብደው ልቡ ሥራው ላይ እንዲውል ማድረግ ነው። ክፍል እየገባ ዝውውር የሚጠብቅ መምህር በደመወዝ መክፈያው ዝርዝር ላይ አለ፤ ተማሪው ግን አያገኘውም።

ደመወዝ ይቅደም። በኅዳር 2015 ዓ.ም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሥራ ያቆሙት በደመወዝና በእርከን ጥያቄ ነበር። በ2016 ዓ.ም መጨረሻ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ኑሮው ይበልጥ ከብዷል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1959 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት፣ ክፍያ ሲጎድል ሰውን ያስመርራል፣ ሲሟላ ግን ብቻውን አያተጋም፤ የሚያተጋው ሥራው ራሱ፣ እውቅናና እድገት ነው ይላል። ይህ እውነት ይመስለኛል። ይሁን እንጂ የቤት ኪራይ ያስጨነቀውን ሌክቸረር ስለ ሥራ ፍቅር መምከር ተገቢ አይደለም።

ክፍሉም ተለውጧል። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲዎች የማካካሻ ትምህርት ጀመሩ፤ ለከፍተኛ ኮርስ የተዘጋጀው መምህር የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ሊያስተምር ገባ። የተዳከመን ተማሪ ማንሣት ክቡር ሥራ ነው። የሚጎዳው ይህ ሥራ ለማዕረግ እድገት እምብዛም አለመቆጠሩ ነው።

የነፃነት ጥያቄም አለ። በ1985 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 42 መምህራን መባረራቸውን የመምህሩ ማኅበረሰብ አልረሳውም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የአካዳሚክ ነፃነትን ይደነግጋል፤ ዕለት ተዕለት የሚፈተነው ግን በዲፓርትመንት ስብሰባ ነው።

ለጂንካ ዋናው ነገር ግን ከግቢው ውጭ ያለው ይመስለኛል። በጂንካ ዙሪያ ያለው ደቡብ ኦሞ በርካታ ብሔረሰቦች የሚኖሩበት ነው። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፤ እዚያው በኪቢሽ የተገኘው የሰው ቅሪተ አካል ቢያንስ 230,000 ዓመት እንደሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2022 ተዘግቧል። ጂንካ ከተማ ውስጥ የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም አለ። የቀይ አፈር ከተማ ገበያ ሐሙስ ሲቆም በና፣ ፀማይና አሪ ይገናኙበታል፤ ለቋንቋ፣ ለእንስሳት ጤና፣ ለኢኮኖሚ መምህር ጥያቄው እዚያው ገበያ ላይ ነው። በወይጦ ወንዝ ዳር የሚኖሩት ኦንጎታዎች ዛሬ የሚናገሩት በአብዛኛው የፀማይን ቋንቋ ነው፤ የራሳቸው የቀረው በጥቂት አዛውንት አፍ ነው።

የራሱን ጥያቄ እዚህ ያገኘ መምህር ለመቆየት ምክንያት አለው፤ ያላገኘው ያለቦታው የተመደበ ሆኖ ይሰማዋል። ስለዚህ አዲስ የመጣ መምህር ገና በመጀመሪያው ዓመት የማስተማር ጫናው ቀለል ብሎለት ቀይ አፈር፣ የሐመሯ ከተማ ዲመካና ወይጦ የሚያደርሰው መኪና፣ ቋንቋውን የሚያውቅ የአካባቢው ተወላጅ ረዳትና በወቅቱ የሚከፈል የመስክ አበል ሊያገኝ ይገባል። ከበና፣ ከሐመርና ከዳሰነች የወጡ ተመራቂዎችን በረዳት ምሩቅነት መቅጠርና እስከ ሦስተኛ ዲግሪ ማስተማርም አብሮ መታቀድ አለበት፤ እነርሱ ተምረው ሲመለሱ የሚመለሱት ወደ አገራቸው ነው።