የጠላቂ ዋናተኛ ሬጉሌተር፦ ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው ጥገናው ነው

የአዲስ አበባ ሰው መኪና ሊገዛ ሲነሳ አስቀድሞ የሚያነሳት ጥያቄ አንዲት ናት፤ «መለዋወጫው ይገኛል ወይ?» የምትል። ቶዮታ ለረጅም ዘመን ገበያውን ይዞ የቆየው፣ ያገለገለውም ሳይቀር ዋጋው አልወርድ ብሎ ያስቸገረው በመልኩ አይደለም፤ መለዋወጫው በየሱቁ፣ መካኒኩም በየሰፈሩ ስላለ ነው። ለመኪና ይህን ጥያቄ የማይረሳ ነጋዴ ግን ባሕር ማዶ ሄዶ ከውሃ በታች የሚተነፍስበትን መሣሪያ ሲገዛ ሊዘነጋው ይችላል።

ነገሩ ለአንባቢያችን ሩቅ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ ለንግድ ዱባይ የሚመላለሰው፣ በሥራ ምክንያት ጅቡቲ የሚከርመው፣ እንዲሁም በእስራኤል፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖረው ወገናችን ከጠለቃ ትምህርት ቤቶች ብዙም አይርቅም። በጅቡቲ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ወቅት ዌል ሻርክ የሚባሉት ግዙፍ ዓሦች ስለሚመጡ ጠላቂዎችም ተከትለዋቸው ይመጣሉ። የእስራኤሏ ኤይላት በቀይ ባሕር ዳር ያለች ከተማ ናት። ዱባይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. 60 ሜትር ጥልቀት ያለው የመጥለቂያ ገንዳ ከፍታለች። ትምህርቱን ጨርሶ የምስክር ወረቀቱን የያዘ ሰው ለጥቂት ጊዜ በኪራይ ዕቃ ከጠለቀ በኋላ «የራሴን ልግዛ» ማለቱ አይቀርም። በዚያን ጊዜ ከሚደረደሩለት ዕቃዎች መካከል ውድ ከሚባሉት አንዱ፣ የትንፋሹም መተላለፊያ የሆነው ሬጉሌተሩ ነው።

ሬጉሌተር ምንድን ነው?

በየቤታችን በምግብ ማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር ራስ ላይ የሚገጠመውን ሬጉሌተር ሁላችንም እናውቀዋለን። ሥራው በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀውን ጋዝ ግፊት ቀንሶ ምድጃው በሚችለው መጠን መልቀቅ ነው። የጠላቂውም በመሠረቱ ከዚህ አይለይም። ነገር ግን ጠላቂው በጀርባው የሚያዝለው ሲሊንደር ሲሞላ ግፊቱ 200 ባር ገደማ ይደርሳል። የቤት መኪና ጎማ የሚነፋው ከ2 እስከ 2.5 ባር መሆኑን የሚያውቅ ሰው የዚህን ክብደት ይረዳዋል። ከዚህም ሌላ የጠላቂው ሬጉሌተር አየር የሚሰጠው ሰውየው ወደ ውስጥ ሲስብ ብቻ ሲሆን፣ የሚሰጠውም ባለበት ጥልቀት ግፊት ልክ ነው።

ብዙ ሰው «ኦክስጅን» ይለዋል እንጂ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ዘወትር የምንተነፍሰው ተራ አየር ነው። ንጹሕ ኦክስጅን ከ6 ሜትር በታች ለጠላቂ አደገኛ መርዝ ይሆናል።

መሣሪያው ግፊቱን የሚቀንሰው በሁለት ደረጃ ነው። በሲሊንደሩ ራስ ላይ የሚታሰረው «ፈርስት ስቴጅ» 200 ባሩን አውርዶ በዙሪያው ካለው ውሃ ግፊት በ10 ባር ገደማ ብቻ ከፍ እንዲል ያደርገዋል። በቱቦ ተያይዞ በአፍ የሚነከሰው «ሰከንድ ስቴጅ» ደግሞ የቀረውን ቀንሶ ከውሃው ግፊት ጋር እኩል ያደርገዋል። የውሃ ግፊት በየ10 ሜትሩ 1 ባር ስለሚጨምር፣ 20 ሜትር ላይ ያለ ጠላቂ በ3 ባር ግፊት ይተነፍሳል፤ አየሩም ከላይ ሆኖ ቢተነፍሰው ከሚያልቅበት በሦስት እጥፍ ፍጥነት ያልቃል። ሬጉሌተሩ እንግዲህ ይህን ሁሉ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ሳያጓድል መሥራት አለበት። ይህን የሚያደርጉለት ጥቂት ሞላዎች፣ መቀመጫዎችና ኦሪንግ የሚባሉት የላስቲክ ቀለበቶች ናቸው። እነዚህ ደግሞ ያልቃሉ፣ ይደርቃሉ፣ በጨው ይበላሉ። የጥገናው ነገር የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሻጩ የሚያነሳቸው ሦስት ነገሮች

ሱቅ የገባ አዲስ ጠላቂ በቅድሚያ የሚገጥመው የማሰሪያው ዓይነት ነው። «ዮክ» የሚባለው የሲሊንደሩን ቫልቭ ከላይ አቅፎ በአንድ ትልቅ ብሎን የሚጠብቅ ሲሆን፣ እስከ 232 ባር ላለው ሲሊንደር ያገለግላል። በአሜሪካና በካሪቢያን ደሴቶች በብዛት የሚታየው ይኸው ነው። «ዲን» የሚባለው በጥርስ ተጠምዝዞ ቫልቩ ውስጥ ይገባል፤ በአውሮፓ የተለመደ ነው፤ እስከ 300 ባር የሚችልም አለው። ዲን የገዛ ሰው ማስማሚያ ጨምሮ በዮክ ሲሊንደር ላይ ሊጠቀምበት ይችላል። የማስማሚያዋ ዋጋ ከመሣሪያው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ስለሆነ፣ ከአገር አገር ለሚዘዋወር ሰው ዲን ከነማስማሚያው የሚያዋጣ ምርጫ ነው። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የሚጠልቅ ግን በዚያ ቦታ ያለውን የሲሊንደር ዓይነት ጠይቆ ያንኑ ቢገዛ ይበቃዋል።

ሁለተኛው «ባላንስድ» ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። ባላንስድ ባልሆነው ሬጉሌተር የሲሊንደሩ አየር እያነሰ ሲሄድ ትንፋሹ ትንሽ ከበድ እያለ ይመጣል። በባላንስዱ ግን ሲሊንደሩ ሙሉም ሆነ ሊያልቅ ቢቃረብ ብዙም ልዩነት አይሰማም። ለጀማሪ የሚፈቀደው ጥልቀት 18 ሜትር ስለሆነ በዚያ ክልል ውስጥ ተራውም ሥራውን ይሠራል። አከራዮች ባላንስድ ያልሆነውን የሚወዱትም ርካሽና ለጥገና ቀላል በመሆኑ ነው። ወደፊት ትምህርቱን ቀጥሎ እስከ 30 ሜትር ለመውረድ ያሰበ ሰው ግን ከመጀመሪያው ባላንስዱን ቢይዝ ሁለተኛ ከመግዛት ይድናል።

ሦስተኛው ፒስተን ወይስ ዲያፍራም የሚለው ክርክር ነው። ፒስተኑ ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹ ጥቂት ስለሆኑ ሲፈታም ሲገጠምም ቀላል ነው። ዲያፍራሙ ደግሞ የውስጥ አካሉን ከውሃው ስለሚለየው ጨውና አሸዋ አይገባበትም፤ ለቀዝቃዛ ውሃም መድፈን ይቀላል። ከፍተኛ ግፊት ያለው አየር ሲሰፋ ስለሚቀዘቅዝ፣ ውሃው ራሱ ብርድ ከሆነ ሬጉሌተሩ በረዶ ሠርቶ አየሩን ያለማቋረጥ ሊለቅ ይችላል። ኢኤን 250 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ያለውን ውሃ ቀዝቃዛ ይለዋል፤ ለዚያ ያልተፈተነ መሣሪያም ከ10 ዲግሪ በላይ ብቻ እንደሚያገለግል ምልክት ይደረግበታል። በቀይ ባሕር ውሃው በክረምት እንኳ ከ20 ዲግሪ ብዙም አይወርድም። ስለዚህ ጅቡቲ ወይም ኤይላት ለሚጠልቅ ሰው ለብርድ የተሠራውን መግዛት ለማይጠቀምበት ነገር መክፈል ይሆናል። በጀርመን ወይም በስዊድን ሐይቅ የሚጠልቅ ወገናችን ግን ይህን ምልክት ሳያይ ገንዘቡን መስጠት የለበትም።

የዋጋው ስሌት

ባላንስድ ያልሆነ መነሻ ሬጉሌተር በጥቂት መቶ ዶላር ሲገኝ፣ የውዱ ዋጋ ከ1,000 ዶላር ያልፋል። እዚህ ላይ ገዢው ሊጠነቀቅ የሚገባው፣ በማስታወቂያ የሚለጠፈው ዋጋ ብዙውን ጊዜ የፈርስትና የሰከንድ ስቴጁ ብቻ መሆኑን ነው። ለጓደኛ በችግር ጊዜ የሚሰጠው ቢጫው መለዋወጫ አፍ፣ ማለትም «ኦክቶፐሱ»፣ የቀረውን አየር የሚያሳየው ጌጅና ጃኬቱን የሚነፋው ቱቦ ለየብቻ ሊታሰቡ ይችላሉ። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የሙሉው ዕቃ ዋጋ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ሰርቪስ ነው። ፋብሪካዎቹ የሚሰጡት መመሪያ ቢለያይም፣ አያሌዎቹ በየዓመቱ እንዲታይ፣ በየ2 ዓመቱ ወይም በየ100 ጠለቃው ደግሞ ተፈትቶ የሚያልቁት ክፍሎች እንዲለወጡ ያዝዛሉ። የእጅ ዋጋው ለፈርስት ስቴጅ፣ ለሰከንድ ስቴጅና ለኦክቶፐስ በየራሱ ሊሆን ይችላል፤ መለዋወጫውም ይጨመርበታል።

ለስሌት ያህል ሙሉው ዕቃ 700 ዶላር ተገዛ እንበል። በ5 ዓመት ውስጥ 2 ጊዜ ሙሉ ሰርቪስ በ150 ዶላር ቢደረግ 300 ዶላር፣ 3 ጊዜ ምርመራ በ30 ዶላር ቢደረግ 90 ዶላር ይሆናል። ድምሩ 1,090 ዶላር ነው። በሌላ በኩል ኪራዩ በቀን 15 ዶላር ቢሆን፣ ይህ ገንዘብ 73 ቀን ያህል ያከራያል፤ ማለትም በዓመት 15 ቀን ገደማ። እንግዲህ በዓመት ለአንድ ሳምንት ብቻ የሚጠልቅ ሰው በገንዘብ ረገድ ቢከራይ ይሻለዋል ማለት ነው። በየወሩ ሁለትና ሦስት ቀን የሚጠልቅ ግን መግዛቱ ያዋጣዋል። ቁጥሮቹን እያንዳንዱ ሰው በሚኖርበት አገር ዋጋ ቀይሮ ማስላት ይችላል፤ መንገዱ ይኸው ነው።

እርግጥ ነው፣ በራስ ዕቃ መጠቀም በገንዘብ የማይተመን ጥቅም አለው። ባለቤቱ መቼ ሰርቪስ እንደተደረገ፣ ማን እንደነካው፣ በጨው ውሃ ስንት ጊዜ እንደገባ ያውቃል። ይህ ጥቅም ግን የሚገኘው ሰርቪሱ በጊዜው ከተደረገ ብቻ ነው። በቁም ሳጥን ተቀምጦ 3 ዓመት ከከረመ የራስ ሬጉሌተር፣ በየጊዜው የሚታይ የኪራይ ሬጉሌተር ይሻላል።

የንግድ ስሙ ወይስ ወኪሉ?

ይህ መሣሪያ የተወለደው ከነዳጅ እጥረት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ ቤንዚን በመጥፋቱ፣ የኤር ሊኪድ ኩባንያ መሐንዲስ ኤሚል ጋኛን መኪና በጋዝ ለማስኬድ የምታገለግል ቫልቭ ላይ ይሠራ ነበር። የባሕር ኃይሉ መኮንን ዣክ ኢቭ ኩስቶ አግኝቶት፣ ሁለቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1943 ዓ.ም. ቫልቯን ለጠላቂ አዋሏት። ኤር ሊኪድ ከዚያ ያፈራውን፣ አኳ ላንግ በሚል ስም የሚታወቀውን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ለሞንታጉ የኢንቨስትመንት ድርጅት ሸጦታል፤ ከዚያ ወዲህም ባለቤትነቱ ተለውጧል። ስኩባፕሮ በአሜሪካው ጆንሰን አውትዶርስ፣ ማሬስ ደግሞ የቴኒስ ራኬትና የበረዶ መንሸራተቻ በሚሠራው ሄድ ሥር ናቸው። ባለቤት ሲለወጥ የሚመረቱት ሞዴሎችና የወኪሎች ስምምነት ሊለወጡ ይችላሉ። ስለሆነም ለገዢው የሚያሳስበው ትልቁ ስም ሳይሆን፣ በሚኖርበት ወይም በሚያልፍበት ከተማ መለዋወጫውን የያዘው ማን ነው የሚለው ነው።

ብዙዎቹ ፋብሪካዎች መለዋወጫ የሚሸጡት ላሠለጠኑት ወኪል ብቻ ነው። ጎበዝ መካኒክም ቢሆን ዕቃውንና መመሪያውን ካላገኘ ሊሠራው አይችልም። ወኪል ካልሆነ ሻጭ በርካሽ የተገዛ ዕቃ ደግሞ ዋስትናው ላይጸና ይችላል። አዲስ አበባ ተቀምጦ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ባሕር የሚወርድ ሰው ሬጉሌተሩን የት ከተማ እንደሚያስጠግን ከመግዛቱ በፊት መወሰን አለበት። ጥገናው ስንት ቀን እንደሚፈጅም ይጠይቅ። ለሦስት ቀን ዱባይ የገባ ነጋዴ ሳምንት የሚፈጅ ሰርቪስ ሊያስደርግ አይችልም።

ያገለገለ ሬጉሌተር ሲቀርብ

ጥቂት ጊዜ ጠልቀው የተዉ ሰዎች ዕቃቸውን በርካሽ ይሸጣሉ። እዚህም ትርፍ የሚገኘው ለሚያውቅ ነው። አስቀድሞ በፈርስት ስቴጁ መግቢያ ላይ ያለችውን ትንሽ ፊልትሮ መመልከት ይበጃል፤ አረንጓዴ ከመታባት የጨው ውሃ ወደ ውስጥ መግባቱን ታሳብቃለች። ቱቦዎቹ ከብረቱ ጋር በሚገናኙበት ቦታ ታጠፍ ተደርገው ስንጥቅ እንዳላቸው ይታዩ። ቀጥሎ የሞዴሉና የመለያ ቁጥሩ ተጽፎ ወኪል ዘንድ ይወሰድ፦ መለዋወጫው አሁንም ይመረታል ወይ? ፋብሪካው ለእርማት የጠራው ሞዴል ነው ወይ? ለሁለቱም አጥጋቢ መልስ ካልተገኘ ዋጋው ምንም ቢረክስ መተው ነው። መልሱ ካጠገበም ሙሉ ሰርቪስ ሳይደረግ ውሃ አይገባም። ስለዚህ ሻጩ በሚለው ዋጋ ላይ የሰርቪሱን ደምሮ ከአዲሱ ጋር ማነጻጸር የገዢው ፈንታ ነው።

ከመክፈል በፊት

በመጨረሻም ከሱቁ ሳይወጡ የሚጠየቁትን እንሰብስባቸው። የተባለው ዋጋ ኦክቶፐሱን፣ ጌጁንና ቱቦዎቹን ይጨምራል ወይ? ሰርቪሱ በየስንት ጊዜ ነው፣ ከነመለዋወጫው ስንት ያስከፍላል፣ ስንት ቀንስ ይፈጃል? ዋስትናው በሌላ አገር ወኪል ይሠራል ወይ? ለዋስትናው የሰርቪስ ደረሰኝ ማቅረብ ግዴታ ነው ወይ? ሱቁ ገንዳ ካለው ተሞክሮ ቢገዛ መልካም ነው። የአፍ መያዣው ባይመች አያሳስብም፤ በትንሽ ገንዘብ ይለወጣል።

ከተገዛ በኋላ ከእያንዳንዱ ጠለቃ ማግስት ሳይሆን ዕለቱን በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ከሲሊንደሩ ተለይቶ ሲታጠብ የመግቢያው ክዳን ደርቆ መከደን አለበት፤ ውሃ ውስጥ እያለም የሰከንድ ስቴጁ ቁልፍ አይጫን፤ ውሃ ወደ ውስጥ ያስገባልና። ደረሰኙና የሰርቪሱ ወረቀት በአንድ ላይ ይቀመጥ። ዕቃውን ለመሸጥ ቀን ሲመጣ ዋጋውን የሚያስጠብቀው ይኸው ወረቀት ነው።