«ወይ እኔን፣ ወይ ፊርማውን ምረጥ!»

መቼም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰ ሰው ኦቶግራፍ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። የትምህርቱ መዝጊያ ሲቃረብ ልብ የተሳለባት ደብተር ከእጅ እጅ ትዞራለች። «የምትወደው ቀለም?»፣ «የማትረሳው ቀን?»፣ «ለባለ ደብተሩ ምን ትመኛለህ?»… ከታች ደግሞ ፊርማ። ያኔ ያማረ ፊርማ ለማውጣት ስንት ወረቀት አበላሽተናል! እኔ የኔዋን ደብተር እስከ ዛሬ ሳጥን ውስጥ አስቀምጫታለሁ። የአንዳንዱን ፈራሚ መልክ ረስቼዋለሁ፤ ፊርማውን ሳይ ግን ሳቁ ሳይቀር ትዝ ይለኛል።

ሰሞኑን የገጠመኝ የኦቶግራፍ ጉዳይ ግን ከዚህ ሁሉ ለየት ይላል። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎችን ሊያለያይ የደረሰ ነው።

አንድ የማውቀው ወጣት አለ። ፒያሳ አካባቢ ሞባይል ይጠግናል፤ ታሪክ ማንበብ ይወዳል። ታላቅ እህቱ ሃምቡርግ ከተማ አዛውንቶችን እየተንከባከበች ትኖራለች። ከምታስታምማቸው አንዱ ሽማግሌ ከማረፋቸው በፊት «ልጆቼ አይፈልጉትም፣ አንቺ ውሰጂው» ብለው አንድ ፖስታ ሰጧት። በውስጡ የባሕር ኃይል መለዮ የለበሰ ሰው ፎቶ አለ፤ ከፎቶው ሥር ደግሞ በብዕር የተጣለ ፊርማ። ካርል ዶኒትዝ። የናዚ ጀርመን ባሕር ኃይል አዛዥ የነበረው፣ ኑረምበርግ ላይ የተፈረደበት! ሽማግሌው በጎረምሳነታቸው ደብዳቤ ጽፈውለት ፈርሞ በፖስታ የላከላቸው ነው።

እህት ለወንድሟ ላከችለት። እሱም ደስ ብሎት ፍሬም አስገባውና ከሠርጉ በኋላ ሊኖሩበት በተከራዩት ቤት ሳሎን ውስጥ ሰቀለው። እጮኛው መጋረጃ ልትለካ መጥታ አየችው።

«ማነው?»

«ታላቅ አድሚራል ነው። በጦር ወንጀል የተፈረደበት። ብርቅ ነገር እኮ ነው!»

«የተፈረደበት ሰው ነው እንግዳ የሚቀበልልን? ነገ የግራዚያኒን ፊርማ ቢልኩልህም ትሰቅለዋለህ?»

እሱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። የአያቷ አባት የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከቤታቸው እንደወጡ የቀሩ ሰው ናቸው። «ወይ እኔን፣ ወይ ፊርማውን ምረጥ!» ብላ ሜትሯን ጠቅልላ ወጣች።

ልጁ እኔ ዘንድ መጥቶ «ወረቀት እኮ ነው!» አለኝ። እውን ወረቀት ብቻ ነው? እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። (የውጭውን ታሪክ ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

የዘበኞቹ ኦቶግራፍ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ የናዚ ሹማምንትን ኑረምበርግ ከተማ ላይ ለፍርድ አቀረቡ። ችሎቱ የተከፈተው ኖቬምበር 20 ቀን 1945 ነው። በተከሳሾች ሳጥን ውስጥ 21 ሰዎች ተቀመጡ። ከወታደሮቹ ወገን ኸርማን ጎሪንግ፣ ፊልድ ማርሻል ቪልኸልም ካይቴል፣ ጄኔራል አልፍሬድ ዮድል፣ አድሚራል ኤሪክ ሬደርና የእኛው አድሚራል ዶኒትዝ ነበሩበት።

ችሎቱ ከመከፈቱ በፊት ሮበርት ላይ የተባለው እስረኛ ክፍሉ ውስጥ ራሱን አንቆ ሞተ። ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ዘበኛ ተመደበ። ሥራው ምን መሰላችሁ? በበሩ ላይ ባለችው ቀዳዳ እስረኛውን ሌት ተቀን ማየት! ከእስረኛ ጋር ወሬ መጀመር ክልክል ነው። ግን ዘበኞቹ ብዙዎቹ አፍላ ወጣቶች ናቸው፤ ሰዓቱ አልገፋ ይላል፤ ከበሩ ወዲያ ያለው ደግሞ ዓለም ሁሉ የሚያወራለት ሰው ነው። እናም ብዕርና ወረቀት በቀዳዳው መግባት ጀመረ። በፎቶ ላይ፣ በመጽሐፍ ላይ፣ በተገኘው ብጣሽ ላይ አስፈረሙ። ዛሬ በሰብሳቢዎች እጅ ከሚዘዋወሩት የኑረምበርግ ፊርማዎች ብዙዎቹ የመነጩት ከዚያ ኮሪደር ነው።

እስረኞቹስ ለምን ፈረሙ? የማዕረግ ምልክታቸው ከትከሻቸው ላይ ተነቅሏል። የሚበሉት በሰው ትእዛዝ፣ የሚተኙት በሰው ትእዛዝ ነው። በዚህ መሐል አንድ ወጣት ወታደር «እባክህ ፈርምልኝ» ሲል እስረኛው ለአንድ ደቂቃ ተመልሶ ማርሻል ይሆናል። ፊርማ የሚለምን ሰው ሳያውቀው ክብር ሰጪ ነው። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን።

የእስር ቤቱ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጉስታቭ ጊልበርት ደግሞ ከዘበኞቹ የበለጠ ዘዴ ነበረው። የክሱን ጽሑፍ ለተከሳሾቹ ሰጥቶ ዳር ላይ አስተያየታቸውን እንዲጽፉለት ጠየቃቸው። ልክ እንደኛ ደብተር! ጎሪንግ አሸናፊው ዳኛ፣ ተሸናፊው ተከሳሽ መሆኑ የማይቀር ነው የሚል ሐሳብ አሰፈረ። ካይቴል ለወታደር ትእዛዝ ትእዛዝ ነው አለ። ዶኒትዝም ክሱ እኔን አይነካኝም፣ የአሜሪካኖች ቀልድ ነው ሲል አላገጠ። ይህ ሰነድ ለታሪክ ትልቅ ጥቅም ሰጠ። ለምን ቢሉ ጊልበርት የጠየቀው ስማቸውን ለማድነቅ ሳይሆን ልባቸውን ለማወቅ ነበር።

ዘበኛውና ቆንጆዋ

አሁን ደግሞ ጉዱን ስሙ! ጎሪንግ ሞት ተፈርዶበት ሊሰቀል ሰዓታት ሲቀሩት፣ ኦክቶበር 15 ቀን 1946 ሌሊት፣ ሳያናይድ የተባለውን መርዝ ውጦ ሞተ። ያን ሁሉ ዘበኛ አልፎ መርዙ ማን እጅ እንደቆየ፣ እንዴት እንደገባ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

በ2005 አንድ በወቅቱ የ19 ዓመት ዘበኛ የነበሩ አሜሪካዊ ሽማግሌ ለ60 ዓመት ያህል አፍነው የያዙትን ተናገሩ። እንደሳቸው አባባል መንገድ ላይ ከአንዲት ቆንጆ ጀርመናዊት ጋር ይተዋወቃሉ። እስረኞቹን ጠባቂ ነኝ ቢሏት አላመነችም። ሊያሳምኗት ከኪሳቸው የአንዱን እስረኛ ፊርማ አውጥተው አሳዩዋት፤ ወደደችው፤ ሰጧት። በማግስቱ የጎሪንግን አስፈርመው አመጡላት። እሷም ከሁለት ወንዶች ጋር አገናኘቻቸው። ሰዎቹ «ጎሪንግ ታሟል» ብለው በብዕር ውስጥ የተደበቀ መልእክት፣ በኋላም «መድኃኒት» አስገቡላቸው። ከዚያ በኋላ ልጅቷን አይተዋት አያውቁም።

የታሪክ ሰዎች ይህን ቃል ሁሉም አልተቀበሉትም፤ ማረጋገጫም አልተገኘለትም። ሽማግሌው ግን በብጣሽ ወረቀት የጀመረ ጨዋታ ዕድሜ ልክ የሚከነክን ነገር ሆኖባቸው እንደኖረ ተናግረዋል።

ሌላኛው ፊርማ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ካይቴል ለዘበኛ የፈረመበት ብዕር ከዚያ በፊት ምን ላይ ሲፈርም ነበር?

ዲሴምበር 7 ቀን 1941 «ሌሊትና ጭጋግ» የሚባለው ትእዛዝ በካይቴል ፊርማ ወጣ። በተያዙት የምዕራብ አውሮፓ አገሮች ናዚን የተቃወሙ ሰዎች በድብቅ ወደ ጀርመን እንዲወሰዱ፣ ቤተሰብ የት እንደደረሱ እንዳይነገረው የሚያዝ ነው። እናት ልጄ ሞቷል ብላ እንዳታለቅስ፣ አለ ብላ እንዳትጠብቅ! ያ ወረቀት ኑረምበርግ ላይ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። ካይቴል ፊርማዬ አይደለም ማለት አልቻለም። ትእዛዝ ነው የሚለውን መከላከያ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ኦክቶበር 16 ቀን 1946 ካይቴልና ዮድል ተሰቀሉ። እንደ ወታደር በጥይት ይደረግልን ብለው ያቀረቡት ልመናም አልሰመረም።

እኛስ አገር ቢሆን? በ1987 ዓ.ም. በተከፈተውና በ1999 ዓ.ም. የጥፋተኝነት ውሳኔ በተሰጠበት የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት የተፈረመባቸው ሰነዶች ማስረጃ ሆነው ቀርበው የለም? ከወረቀቱ ግርጌ የምትጣል አንዲት ጭረት ስንት ቤት ዘግታለች!

እንግዲህ የጦር ወንጀለኛ ፊርማ ከዘፋኝ ወይም ከኳስ ተጫዋች ፊርማ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ዘፋኙን ዝነኛ ያደረገው ድምፁ ነው። እነዚህን ሰዎች ችሎት ፊት ያቆማቸው አንዱ ነገር ራሱ ፊርማቸው ነው።

አድሚራሉ ምን አድርጎ ነበር?

ዶኒትዝ አልተሰቀለም፤ 10 ዓመት ተፈረደበት። ሂትለር ሲሞት ተተኪ መሪ ብሎ የሾመው እሱን ነበር። በሴፕቴምበር 1942 ላኮኒያ የተባለች የእንግሊዝ መርከብ ከተመታች በኋላ፣ የሰመጡ መርከቦችን ሰዎች ከባሕር ማውጣት እንዲቆም ለሰርጓጅ መርከቦቹ ትእዛዝ አስተላልፏል። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ የላኮኒያን ሰዎች እያዳነች ሳለ የአሜሪካ አውሮፕላን ቦምብ ጥሎባት ነበር። ፍርድ ቤቱም ዶኒትዝ በሕይወት የተረፉት ይገደሉ ብሎ ማዘዙ በእርግጠኝነት አልተረጋገጠም አለ፤ ትእዛዙ አሻሚ በመሆኑ ግን በብርቱ ወቀሰው። የተቀጣውም በወረራ ጦርነት ተካፋይነቱና በሌሎች የጦር ወንጀሎች ነው።

በ1956 ከስፓንዳው እስር ቤት ወጥቶ ሃምቡርግ አጠገብ ባለችው አውምዩለ ተቀመጠ። እስከሞተበት እስከ ዲሴምበር 1980 ድረስ ደብዳቤ ለጻፈለት ይመልሳል፤ ፊርማ ለጠየቀው ይልካል። የሱ ፊርማ በሰብሳቢዎች ዘንድ እንደልብ የሚገኘው ለዚህ ነው። በ1946 የተሰቀሉት ግን ከዚያ ወዲህ አልፈረሙምና የነሱ ብርቅ ነው። እናም የወዳጃችን «ብርቅ ነገር» ያን ያህልም ብርቅ አይደለም!

የልጅቷ ጥያቄ

ግራዚያኒን ማንሳቷ ልክ ነበር? እኔ ልክ ነበር ባይ ነኝ። በየካቲት 12 አዲስ አበባ ላይ የተጨፈጨፉት በሺዎች ይቆጠራሉ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ይረሸኑ የሚለው ትእዛዝ ከግራዚያኒ የሄደው በቴሌግራም ነው። ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት እንዲህ ያሉትን ቴሌግራሞች ሰብስቦ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አቀረበ፤ አሳትሞም አወጣቸው። ሰሚ ግን አልተገኘም። ግራዚያኒ በአገሩ በ1950 19 ዓመት የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነው። እሱንም ወራት ብቻ ታስሮ ተፈታ። ለኢትዮጵያ ደም አንድ ቀን እንኳ ችሎት አልቆመም። ይባስ ብሎ በ2012 አፊሌ በምትባል የጣልያን ከተማ መታሰቢያ ተሠራለት።

አያችሁ? ወንጀሉ ሲረሳ ስሙ ብቻውን ይቀራል። ስሙ ብቻውን ሲቀር ደግሞ ጀግና ይመስላል። ፍሬም ውስጥ ያለ ፊርማም እንደዚያው ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ለወዳጄ ያልኩትን ለእናንተም ልበል።

አንደኛ፣ አትቅደደው። የታሪክ ወረቀት መቅደድ ጥፋተኛውን አይጎዳም፤ ማስረጃውን ያጠፋል እንጂ።

ሁለተኛ፣ ከግድግዳ አውርደው። ሳሎን ግድግዳ ላይ የምንሰቅለው የምንወደውንና የምናከብረውን ነው፤ የሠርግ ፎቶ፣ የእናት ፎቶ፣ ሥዕለ አድኅኖ። እንግዳ ሲመጣ ከእነሱ እኩል ያየዋል። ጀርመን ራሷ የናዚን ምልክት በአደባባይ ማሳየትን በሕግ ከልክላለች፤ ለትምህርትና ለታሪክ ጥናት ሲሆን ነው የምትፈቅደው።

ሦስተኛ፣ ታሪኩን አብረህ አስቀምጥ። ማን እንደሰጠ፣ መቼ እንደተላከ፣ የፖስታው ማኅተም ሳይቀር። ፈራሚው በምን እንደተፈረደበትም በአንድ ገጽ ጽፈህ አያይዘው። ሁለቱ ወረቀቶች እንዳይለያዩ!

አራተኛ፣ ለመግዛት የምትሯሯጡ ተጠንቀቁ። የናዚ ፊርማ አስመሳዩ ብዙ ነው። በማጉያ መነጽር ሲታይ ጥቃቅን ነጠብጣብ ከሆነ የታተመ ነው፣ ሰው አልፈረመውም። ሻጩ ከየት እንዳመጣው ካልተናገረ ገንዘባችሁን ያዙ።

አምስተኛ፣ ብትሸጠው ማን እጅ እንደሚገባ አስብ። በ2019 የሂትለር ኮፍያና ሌሎች ንብረቶች ሙኒክ ላይ ለጨረታ ሲቀርቡ፣ አንድ ትውልዱ ሊባኖስ የሆነ ባለሀብት በብዙ ገንዘብ ገዝቶ ለአንድ የአይሁድ ድርጅት አበረከተ። ናዚን የሚያመልኩ ሰዎች እጅ እንዳይገባ ብሎ ነው።

ወዳጄ ሰምቶኝ ዝም አለ። ከሦስት ቀን በኋላ ደወለልኝ። ፎቶውን ከፍሬሙ አውጥቶ ወደ ፖስታው መልሶታል። እጮኛውን ይቅርታ ጠይቋል። «ታረቃችሁ?» አልኩት። «ገና ነች፤ ግን የምትጽፈውን ገጽ መጀመሪያ ለኔ አሳየኝ ብላኛለች» አለኝ። አንድ ገጽ ለመጻፍ ሁለት ማታ ፈጅቶበታል። ከዶኒትዝ በታች የአያቷን አባት ስም መጻፍ ፈልጎ ሙሉ ስማቸውን እንደማያውቅ ያኔ ነው የገባው። እሷን ለመጠየቅ ነገ ይሄዳል።

ፍሬሙ አሁንም ባዶውን ግድግዳው ላይ አለ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሰቅሉበት ነበር?

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!