ቆዳ የሚያሳልፈው መድኃኒት

በቆቦና በራያ ቆላ፣ በመንገድ ዳርና በማሳ ጠርዝ ከሚበቅሉ አረሞች አንዱ አስተናግር ነው። ቅጠሉና ፍሬው ስኮፖላሚን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው የቀመሰውን ያስቀባዥራል፤ ሲበዛም ይገድላል። ይኸው ንጥረ ነገር ግን ትንሽ ልጣፍ ውስጥ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ለጉዞ ማቅለሽለሽ ተፈቀደ፤ መድኃኒትን በቆዳ በኩል ወደ ደም ከሚያስገቡ ዘመናዊ ልጣፎችም የመጀመሪያው ሆነ። ከጆሮ ጀርባ ተለጥፎ በ3 ቀን ውስጥ 1 ሚሊግራም ያህል ቀስ እያለ ያስገባል። እንግዲህ የልጣፍ ጥበብ ከመለጠፉ ይልቅ በልኩ ላይ ነው።

«ቅጠል ወቅጦ ቁስል ላይ ማሰር አባቶቻችን ያውቁት የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። በእርግጥ ያውቁታል፤ ነገር ግን የቁስል መድኃኒት እዚያው ቁስሉ ላይ ቢሠራ ይበቃዋል። ወደ ደም ለመዝለቅ የቆዳን የላይኛ ሽፋን ማለፍ ግድ ነው። ሽፋኑ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ብቻ ቢወፍርም፣ የሞለኪውል ክብደቱ ከ500 ዳልተን የሚበልጠውን አብዛኛውን ነገር ይመልሳል። ኒኮቲን 162፣ ስኮፖላሚን 303 ስለሆኑ ያልፋሉ። በእሬት ዝልግልግ ውስጥ ያሉት ግዙፍ የስኳር ሰንሰለቶች ግን ከውጭ ይቀራሉ፤ ስለዚህ እሬትን ልጣፍ ማድረግ ቅባቱ ከሚሰጠው ብዙም አይጨምርም። የተላጠ ቆዳ ደግሞ ያለ ልክ ያስገባል፤ አስተናግርን የመሰለ ቅጠል ቁስል ላይ ማሰር አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

«ከተፈጥሮ የመጣ ምን ይጎዳል?» ለሚለውም መልሱ ያው አስተናግር ነው። በአንዱ ቅጠል ያለው የንጥረ ነገሩ መጠን በሌላው አይገኝም፤ አፈሩ፣ ዝናቡና የተክሉ ዕድሜ ይለውጡታል። በዚያ ላይ የቆላው ሙቀት አለ፦ ላብ ማጣበቂያውን ያላቅቃል፣ የሞቀ ቆዳም መድኃኒቱን በፍጥነት ያስገባል። ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ ተውጦ በደንብ ለሚሠራ መድኃኒት ልጣፍ ትርፍ ወጪ ነው። የሚያዋጣው ለሚያስመልሰው ታማሚ፣ ወይም ጉበት ሳያፈርሰው ለረጅም ሰዓት በጥቂቱ መግባት ላለበት ንጥረ ነገር ነው። ስለዚህ ለራያ ዕፅዋት ልጣፍ የምርምር መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይደለም። ቀድሞ የሚሠራውን ንጥረ ነገር መለየት፣ መጠኑን መለካትና ጉዳቱን መፈተሽ ይገባል፤ ይህ ሳይሆን በሚያምር ፕላስተር የተሸፈነ ቅጠል ያው ያልተመጠነ ቅጠል ነው።