ከግድግዳ የማይለይ በር

ስውር በር መቃኑና እጀታው የማይታይ፣ ሲዘጋ ከግድግዳው የማይለይ በር ነው። እንደ ሰሚትና ቦሌ አራብሳ ባሉ የለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየሞች ጥቅሙ ጎልቶ ይታያል፤ በጠባብ ሳሎን የመጸዳጃ ቤቱ በር ከረከቦቱ ትይዩ ሲሆን እንግዳም ባለቤትም ይሳቀቃል።

በአዲስ ግንባታ የብረት መቃኑ ከልስኑ በፊት ብሎኬቱ ላይ ይታሰርና ልስኑ ጠርዙን ይሸፍነዋል። ዙሪያውን የሚቀረው ክፍተት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ባለቀ ቤት ግን ግድግዳ ከመስበር ይልቅ ግድግዳውንም በሩንም በአንድ ዓይነት ባለመስመር ኤምዲኤፍ ማልበስ ይቀላል፤ መስመሮቹ መጋጠሚያውን ይደብቁታል። ዞኮሎውም በበሩ ላይ መቀጠል አለበት፤ እዚያ ከተቋረጠ ስውርነቱ ቀረ።

በሩ ገፋ ሲያደርጉት ይከፈታል። የመጸዳጃ ቤት ከሆነ የውስጥ መቆለፊያና ከሥሩ አየር ማስገቢያ የግድ ያስፈልጉታል፤ እርጥበት ኤምዲኤፍን ያሳብጣል።