ያውቁ ኖሯል? ድኅነት በጳውሎስ መርከብ ላይ

በአዲስ ኪዳን ድኅነት የምንለው የግሪክኛው ሶቴሪያ በቤተ መቅደስ ብቻ የሚነገር ቃል እንዳልነበረ ያውቁ ኖሯል? ከጦር ሜዳ በሕይወት መመለስም ሆነ ከደዌ መገላገል ሶቴሪያ ይባል ነበር።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 በመርከብ ላይ የነበሩት 276 ሰዎች ማዕበል እያንገላታቸው አሥራ አራት ቀን እህል ሳይቀምሱ ከርመዋል። ጳውሎስ «ብሉ» እያለ ሲለምናቸው መብላቱ ለሶቴሪያቸው እንደሚበጅ ይነግራቸዋል። ያን ሰዓት ጉዳዩ እንጀራና የብስ ነበር።

ሉቃስ ምዕራፍ 7 ላይ ኃጢአቷ የተሰረየላት ሴትና ምዕራፍ 8 ላይ ደም ሲፈሳት 12 ዓመት የኖረችው ሴት ከጌታ የሰሙት የስንብት ቃል በግሪክኛው አንድ ዓይነት መሆኑንስ? ለነፍስም ለሥጋም «ማዳን» የሚለው ግስ ያው ነው።

ሶቴር፣ ማለትም አዳኝ፣ የነገሥታት ማዕረግም ነበር። የግብፁ ቀዳማዊ በጥሊሞስ እና የሶርያው ቀዳማዊ አንጥያኮስ ይጠሩበት ነበር። በ48 ዓመተ ዓለም ገደማ ደግሞ በኤፌሶን የተቀረጸ ጽሑፍ ዩልዮስ ቄሣርን የሰው ልጅ ሁሉ አዳኝ ይለዋል። እንዲህ ባለ ዓለም ውስጥ ለተሰቀለ የናዝሬት አናጺ ይህን ስም መስጠት የዋዛ ድፍረት አይደለም!

ማቴዎስና ማርቆስ ግን ሶቴርን አንዴም አልጻፉትም። ዮሐንስ በወንጌሉ አንድ ጊዜ ብቻ ጽፎታል፤ ያንንም ያናገረው ሳምራውያንን ነው። እኛ «መድኃኔ ዓለም» የምንለው ስም በምዕራፍ 4 ከእነሱ አፍ ይሰማል። በአንጻሩ ሦስት ምዕራፍ ብቻ ያላት የቲቶ መልእክት ስድስት ጊዜ ትጠራዋለች።

«ድነሃል ወይ?» ብሎ መንገደኛ የሚያስቆም ሰው ጳውሎስን ቢያገኝ መልሱ ይረዝምበት ነበር። ሮሜ 8 መዳንን ባለፈ ጊዜ፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 1 እየተፈጸመ እንዳለ፣ ሮሜ 5 ደግሞ ገና እንደሚመጣ አድርገው ይናገራሉ። አንዱን ብቻ ይዞ መሟገት ሐዋርያውን ማሳነስ ይመስለኛል።

ፍሬምናጦስን፣ የእኛን አባ ሰላማን፣ ጳጳስ አድርጎ የሾመው የእስክንድርያው አትናቴዎስ ድኅነትን ከሞትና ከመበስበስ ነጻ መውጣት፣ በጸጋም አምላክን መምሰል አድርጎ አስተምሯል። የካንተርበሪው አንሰልም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1098 በፈጸመው መጽሐፉ ለተደፈረ የእግዚአብሔር ክብር የሚከፈል ካሣ አደረገው።

ሰው በምን ይጸድቃል በሚለው ክርክር ሲወጋገዙ የኖሩት ካቶሊኮችና ሉተራውያን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 1999 በጀርመኗ አውግስቡርግ የጋራ መግለጫ ፈርመዋል። ለሉተራውያኑ የፈረመው የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስም የዚሁ ፌዴሬሽን አባል ናት።