የብዙ ተጫዋቾች የተኩስ ቪዲዮ ጨዋታን ማበልጸግና ለሕዝብ መልቀቅ፦ አልሚዎች አስቀድመው ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

የቪዲዮ ጨዋታ (ጌም) ማበልጸግ ሰፊ ሕንፃም ሆነ ከባድ ማሽን አይጠይቅም። ኮምፒውተር፣ የኢንተርኔት አገልግሎትና ሙያው ያላቸው ጥቂት ሰዎች በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ሆነው ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው። ሥራው ሲጠናቀቅ ግን የሚነሱት ጥያቄዎች ከፕሮግራም አጻጻፍ ያለፉ ናቸው። ጨዋታው የማን ንብረት ነው? ገቢው እንዴት ይከፋፈላል? የተጫዋቾችን የግል መረጃ በኃላፊነት የሚይዘው ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ከሥራው በፊት ምላሽ ካላገኙ፣ ጨዋታው ተቀባይነት ባገኘ ማግሥት በባልደረቦች መካከል አለመግባባት ሊፈጠርና የወራት ድካም ያለውጤት ሊቀር ይችላል።

ይህ ማብራሪያ ዜጎች ከሐሳብ እስከ ገበያ ያለውን ሂደት እንዲረዱና ወደ የትኛው ተቋም መሄድ እንዳለባቸው እንዲያውቁ ለመርዳት የተዘጋጀ ነው።

የጨዋታው ዓይነት ልዩ ባሕርይ

በአገራችን ለአልሚዎች አርአያ የሚሆኑ ሥራዎች አሉ። በአዲስ አበባ የተቋቋመው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የተሰኘውን የዶሮ ሩጫ የስልክ ጨዋታ አበልጽጎ ለገበያ ያቀረበ ሲሆን፣ በዚሁ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2018 የአፕስ አፍሪካን ሽልማት አግኝቷል። ድርጅቱ በመቀጠልም ባህላዊውን የገበጣ ጨዋታ በዲጂታል መልክ አቅርቧል።

ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ በኢንተርኔት ተገናኝተው የሚጫወቱትና ሁሉም ነገር በተዋናዩ ዓይን የሚታይበት የተኩስ ጨዋታ ግን ተጨማሪ ዝግጅት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው «ዱም» እስከ አራት ተጫዋቾችን በኮምፒውተር መረብ በማገናኘት ይህን ዓይነት ጨዋታ በስፋት አስተዋውቋል። ሩጫን ብቻውን የሚጫወት ሰው ግንኙነቱ ለአፍታ ቢቋረጥ ጉዳት የለበትም። በተኩስ ጨዋታ ግን የግማሽ ሰከንድ መዘግየት ማን አሸነፈ የሚለውን ውጤት ይለውጣል። በተጨማሪም ተጫዋቾች በጽሑፍና በድምፅ ስለሚነጋገሩ፣ አልሚው የሚያቀርበው ምርት ሰዎች የሚገናኙበት አደባባይ ጭምር ይሆናል።

ከ«ካውንተር ስትራይክ» የሚገኝ ትምህርት

የዚህ ዘርፍ እጅግ ታዋቂ ሥራ የሆነው «ካውንተር ስትራይክ» የተጀመረው በትልቅ ኩባንያ ውስጥ አልነበረም። በዩኒቨርሲቲ ተማሪነት ላይ የነበረው ሚን ሊ እና ባልደረባው ጄስ ክሊፍ «ሃፍ ላይፍ» በተባለው የቫልቭ ኩባንያ ጨዋታ ላይ ተመሥርተው የሠሩት ሲሆን፣ የመጀመሪያውን የሙከራ ቅጂ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1999 በነፃ ለቀቁት። ከዚያ በኋላ በተከታታይ የሙከራ ቅጂዎችን እያወጡ፣ ከተጫዋቾች አስተያየት እየተቀበሉ አሻሻሉት። የጨዋታውን ካርታዎች በማዘጋጀት ረገድም በጎ ፈቃደኞች ተሳትፈዋል።

ጨዋታው ሲወደድ የባለቤትነት ጉዳይ ጎልቶ ወጣ። መሠረቱ የሌላ ኩባንያ ንብረት ስለነበረ ወጣቶቹ ያለኩባንያው ፈቃድ በራሳቸው ሊሸጡት የሚችሉት ሥራ አልነበረም። ቫልቭ የጨዋታውን መብት ወስዶ ሁለቱን አልሚዎች ወደ ሥራው አስገባ፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2000 ደግሞ ጨዋታው ለገበያ ቀረበ። ለእነርሱ ነገሩ በመልካም ተጠናቋል። ሆኖም ውጤቱ የተወሰነው በሌላው ወገን በጎ ፈቃድ መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

በአሁኑ ወቅት አልሚዎች ዝግጁ የጨዋታ ሞተሮችን በፈቃድ መጠቀም ይችላሉ። የፈቃዶቹ ይዘት ግን ይለያያል። «ጎዶ» የተባለው ሞተር ያለ ክፍያ የሚገኝ ክፍት ሶፍትዌር ነው። «አንሪል» በነፃ የሚጀመር ሆኖ አንድ ጨዋታ በጠቅላላው ከ1 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ሲያስገባ ከትርፍ ገቢው ላይ ድርሻ ይጠይቃል። «ዩኒቲ» ደግሞ የነፃ ፈቃዱን ዓመታዊ ገቢያቸው ከተወሰነ መጠን በታች ለሆኑ አልሚዎች ይሰጣል። ስለሆነም የመረጡትን ሞተር የፈቃድ ውል ሙሉውን ማንበብና የተነበበውን ቅጂ በቀኑ መዝግቦ ማስቀመጥ የመጀመሪያው ተግባር ነው።

ጨዋታው የማን ነው?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በሰበታ የሚኖር ፕሮግራመር፣ በቡራዩ የምትኖር የሥዕል ባለሙያና በሱሉልታ የሚኖር የሙዚቃ አቀናባሪ በቃል ተስማምተው አንድ ጨዋታ መሥራት ጀመሩ እንበል። ከስምንት ወር በኋላ አቀናባሪው በሌላ ሥራ ምክንያት ከቡድኑ ቢወጣ፣ ቀሪዎቹ ሁለቱ ሙዚቃውን መጠቀም ይቀጥላሉ? በሽያጩ ላይ ድርሻ አለው? የቃል ስምምነት ለእነዚህ ጥያቄዎች አስተማማኝ መልስ አይሰጥም።

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ የኮምፒውተር ፕሮግራምን፣ ሙዚቃንና ሥዕልን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ይመድባል። ከአዋጁ ውስጥ ለአልሚዎች እጅግ ጠቃሚ የሆኑት ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

• ጥበቃው የሚገኘው ሥራው ወጥ ሆኖ ሲፈጠርና በግዙፍ ነገር ላይ ሲቀረጽ ነው። ምዝገባ ለመብቱ መገኘት ቅድመ ሁኔታ ባይሆንም ክርክር በተነሳ ጊዜ ለማስረጃነት ይጠቅማል።

• ሐሳብ ብቻውን ጥበቃ የለውም። «በባቡር ጣቢያ ላይ የሚካሄድ የሁለት ቡድኖች ፍልሚያ» የሚለውን ሐሳብ ማንም ሊጠቀምበት ይችላል። የተጻፈው ኮድ፣ የተሣለው ካርታና የተቀናበረው ድምፅ ግን የባለቤታቸው ናቸው።

• በጋራ የተፈጠረ ሥራ የአመንጪዎቹ የጋራ ንብረት ነው።

• በቅጥር ወይም በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ፣ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ይሆናል። ስለዚህ መደበኛ ሥራ ያለው አልሚ የቅጥር ውሉን አስቀድሞ መመልከት ይኖርበታል።

• የኢኮኖሚ መብትን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ የሚቻለው በጽሑፍ ነው።

በመሆኑም ቡድኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ሊስማማባቸው የሚገቡ ጉዳዮች አሉ። የእያንዳንዱ አባል የሥራ ድርሻ፣ መብቱ በአባላቱ ስም ይቆይ ወይስ ለሚቋቋመው ድርጅት ይተላለፍ የሚለው፣ አንድ አባል ቢወጣ የሠራው ክፍል የሚኖረው ዕጣ እንዲሁም ኮዱና የመደብር መለያው በማን እጅ እንደሚቆይ በግልጽ መቀመጥ አለበት። «ገቢ» የሚለው ቃልም ትርጉም ያስፈልገዋል። ለምሳሌ «ስቲም» የተባለው የጨዋታ መደብር በመደበኛው አሠራሩ ከሽያጩ 30 በመቶ ያስቀራል። አባላቱ «ገቢውን እኩል እንካፈል» ብለው ቢፈራረሙ፣ የሚካፈሉት ከመደብሩ ድርሻ፣ ከሰርቨር ወጪና ከግብር በፊት ያለውን ነው ወይስ በኋላ ያለውን? ብዙ አለመግባባት የሚነሳው ከዚህ ነው።

የጨዋታው ስምና ድርጅቱ

የቅጅ መብት የጨዋታውን ይዘት እንጂ በገበያ ላይ የሚጠራበትን ስምና አርማ ለመጠበቅ የተዘጋጀ አይደለም። ለዚህ አገልግሎት የሚውለው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የተደነገገው የንግድ ምልክት ምዝገባ ነው። ምዝገባው ለሰባት ዓመት የሚጸና ሲሆን ሊታደስ ይችላል። የንግድ ምልክትም ሆነ የቅጅ መብት ምዝገባ የሚከናወነው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ስሙን ለሕዝብ ከማስተዋወቅ በፊት ተመሳሳይ ምልክት መመዝገብ አለመመዝገቡን ማጣራት ተገቢ ነው።

ድርጅትን በተመለከተ የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ቀደም ሲል ያልነበሩ አማራጮችን ከፍቷል። ብቻውን የሚሠራ አልሚ የአንድ ሰው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላል። ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑ ደግሞ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሊመሠርቱ ይችላሉ። ማኅበር መቋቋሙ የጨዋታው መብት በአንድ ባለቤት ሥር እንዲጠቃለልና የግል ንብረት ከድርጅቱ ዕዳ ተለይቶ እንዲታይ ይረዳል። የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ነዋሪዎች ስለ ንግድ ምዝገባ፣ ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ ግብር ከፋይ መለያ ቁጥር መረጃ ለማግኘት በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የሚገኘውን የክፍለ ከተማቸውን የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይችላሉ።

ሰርቨር፣ ርቀትና ፍትሐዊነት

በዚህ ዓይነት ጨዋታ ሰርቨሩ የዳኛነት ሚና አለው። የተጫዋቹ ስልክ «መታሁት» ብሎ ያሳወቀውን ሁሉ እውነት ነው ብሎ የሚቀበል ሥርዓት ለማጭበርበር የተጋለጠ ነው። ስለሆነም ቦታን፣ ጉዳትንና ውጤትን የሚወስነው ሰርቨሩ እንዲሆን ከመጀመሪያው መቀየስ አለበት። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ይህን ማሻሻል ሥራውን እንደ አዲስ ከመጀመር አይተናነስም።

የሰርቨሩ ቦታም ወሳኝ ነው። መረጃ በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ይህም በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ ርቀት ለደርሶ መልስ 10 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ዙሪያ እስከ ኬፕታውን ያለው ቀጥታ ርቀት ከ5,000 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ፣ እዚያ ከሚገኝ ሰርቨር ከ50 ሚሊ ሰከንድ ያነሰ ምላሽ ሊጠበቅ አይችልም። ገመዱ ቀጥታ መስመር ስለማይከተል በተግባር የሚታየው መዘግየት ከዚህም ይጨምራል። በአገር ውስጥ የመረጃ ማዕከል የሚቀመጥ ሰርቨር ይህን ርቀት ይቀንሳል። በመሆኑም ቦታን፣ ዋጋንና አስተማማኝነትን አነጻጽሮ መምረጥ ያስፈልጋል።

የሦስቱ ከተሞች አቀማመጥ ለሙከራ የተመቸ ነው። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚገኙ ተጫዋቾች የተለያየ የቴሌኮም አገልግሎት አቅራቢ፣ የተለያየ ዓይነት ስልክና የተለያየ የኔትወርክ ጥራት ይዘው በአንድ ጊዜ ቢጫወቱ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ በዋይፋይ ሲሞከር የማይታይ ችግር ይታያል። ሙከራው ተጠቃሚ በሚበዛበት የምሽት ሰዓትም መደረግ ይኖርበታል። መብራት ወይም ግንኙነት የተቋረጠበት ተጫዋች ወደ ጨዋታው መመለስ መቻሉና በአንድ ግጥሚያ የሚፈጀው የዳታ መጠንም አብረው ይመዘናሉ።

የተጫዋቾች መረጃና ደኅንነት

ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ አድራሻ ወይም ድምፅ የሚቀበል ጨዋታ የግል መረጃ እያስተናገደ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ የሚሰበሰበው ለታወቀና ሕጋዊ ለሆነ ዓላማ እንዲሆን፣ ከዓላማው በላይ እንዳይሰበሰብና በአግባቡ እንዲጠበቅ ያስገድዳል። የአዋጁን አፈጻጸም የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለመጫወት ቅጽል ስም ብቻ የሚበቃ ከሆነ ስልክ ቁጥር አለመጠየቅ የተሻለ ነው። ያልተሰበሰበ መረጃ አይሰረቅምና።

በተጫዋቾች መካከል የሚደረግ ንግግርም ጥንቃቄ ይሻል። በጨዋታ ውስጥ የሚደረግ ንግግር ከሕግ ውጭ አይደለም፤ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መኖሩንም ማስታወስ ይገባል። ለእንግሊዝኛ የተዘጋጁ የስድብ ማጣሪያዎች በፊደልም ሆነ በላቲን የተጻፈ አማርኛን እንዲሁም አፋን ኦሮሞን አይለዩም። ስለዚህ አልሚዎች የራሳቸውን የቃላት ዝርዝር፣ ተጫዋችን ዝም የማሰኛና የማመልከቻ ቁልፍ፣ እንዲሁም አቤቱታን በየቀኑ የሚመለከት ሰው ማዘጋጀት ይጠበቅባቸዋል። የተኩስ ይዘት ያለው ጨዋታ ለሕፃናት ተስማሚ ስላልሆነም የዕድሜ ደረጃው በግልጽ መታየት አለበት።

ለሕዝብ የመልቀቅ ቅደም ተከተል

መደብሮች የየራሳቸው ክፍያና የጊዜ ገደብ ስላላቸው የሚለቀቅበት ቀን ከመታወጁ በፊት የሚከተሉት መታወቅ አለባቸው።

1. የጉግል ፕለይ የአልሚነት ምዝገባ አንድ ጊዜ የሚከፈል 25 የአሜሪካ ዶላር ነው። በግለሰብ ስም አዲስ የሚከፈት መለያ ቢያንስ በ12 ሞካሪዎች ለተከታታይ 14 ቀናት የተዘጋ ሙከራ ማካሄድ ይጠበቅበታል።

2. በስቲም ለእያንዳንዱ ጨዋታ 100 የአሜሪካ ዶላር ይከፈላል። ከክፍያው እስከ መልቀቂያው ቢያንስ 30 ቀናት ማለፍ ያለባቸው ሲሆን፣ ጨዋታውን የሚያስተዋውቀው ገጽ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት።

3. የዕድሜ ደረጃ መጠይቅ በእውነተኛ መረጃ ይሞላል። የተኩስ ይዘትን መደበቅ ጨዋታው ከመደብሩ እንዲወገድ ሊያደርግ ይችላል።

4. መደብሩ የሽያጭ ገንዘብ በኢትዮጵያ ላሉ አልሚዎች በምን መንገድ እንደሚያስተላልፍ አስቀድሞ ከመደብሩና ከባንክ ይጣራል።

ክፍያዎችና ደንቦች ሊለወጡ ስለሚችሉ በመልቀቂያው ወቅት ከመደብሮቹ በቀጥታ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የጨዋታው መለቀቅ የሥራው ፍጻሜ አለመሆኑንም መገንዘብ ይገባል። ሰርቨሩ በየወሩ ይከፈልበታል፤ አጭበርባሪዎች አዳዲስ ዘዴ ይፈጥራሉ፤ ተጫዋቾችም ማሻሻያ ይጠብቃሉ። ስለሆነም ቡድኑ ቢያንስ ለስድስት ወር የሚበቃ የሰርቨር ወጪ ይዞ ቢጀምር ይመከራል።

ሥልጠናና ቀጣይ እርምጃ

የፕሮግራም ክህሎት መቅሰም የሚፈልጉ ዜጎች በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በኢንተርኔት የሚሰጡ ነፃ ሥልጠናዎችን ተከታትለው የምስክር ወረቀት ማግኘት ይችላሉ።

በቡድን ለመሥራት ያሰቡ ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው የመጀመሪያውን የኮድ መስመር ከመጻፋቸው በፊት የአባላቱን ስምምነት በጽሑፍ ያኑሩ፤ እያንዳንዱ አባልም የተፈረመውን ቅጂ ይያዝ። ጨዋታው ገና ምንም ገንዘብ ባላስገባበት ጊዜ መስማማት ቀላል ነው።