የግድግዳው ማስታወቂያና የሠራተኛው ልብ

ባለፈው ዓመት ለጉዳይ ወደ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሄደን ተራችንን ስንጠብቅ ሳለን፣ በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ በመስታወት ክፈፍ የተሰቀለ ማስታወቂያ አየን። መሥሪያ ቤቱ እስከ 2030 ድረስ የካርቦን ልቀቱን በግማሽ እንደሚቀንስ፣ ውኃና ወረቀት እንደሚቈጥብ፣ ለመጪው ትውልድም የጸዳች ምድር እንደሚያስረክብ በሚያምር ፊደል ተጽፎበታል። አንዲት በዕድሜ የገፉ የጽዳት ሠራተኛ መስታወቱን ይወለውሉ ነበርና «እናቴ፣ ይህ ጽሑፍ ምን ይላል?» ብንላቸው፣ «እኔ ምኑን ዐውቄው ልጄ፤ አቧራውን ነው የምጠርገው። የሹማምንቱ ነገር ነው» ሲሉ መለሱልን።

ጥቂት ቈይተው ግን ከመታጠቢያ ቤት ውኃ የሞላ ባልዲ ይዘው ወጡና በደጅ ያሉትን አበቦች ያጠጡ ጀመር። ቧንቧው ማንጠባጠብ ከጀመረ ሦስት ወር እንደ ሆነው፣ ደጋግመው ቢያመለክቱም ሰሚ እንዳላገኙ፣ ውኃው በከንቱ ሲፈስ ማየት ስለማይሆንላቸው በባልዲ እያጠራቀሙ ለአበባው እንደሚያደርጉት አጫወቱን።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ በዚያ መሥሪያ ቤት ዓላማው በግድግዳው ላይ፣ ፍጻሜው ደግሞ በባልዲው ውስጥ ነበረ፤ ሁለቱ ግን አልተዋወቁም። ከየቤታችን ማልደው ወደ ፋብሪካና ወደ ቢሮ ከሚወጡት አባቶች፣ እናቶችና ልጆች ብዙዎቹ እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ በየዕለቱ ያልፉታል። ግዴለሾች ስለ ሆኑ ነውን? እኛ እንደዚያ አይመስለንም። ሰው ልጁን ይወዳል፣ ደጁን ይወዳል፣ የተወለደበትን ወንዝ ይወዳል፤ «በመቶ ሃምሳ» የሚባለውን ቍጥር የወደደ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየንም።

ይህን ነገር በሚገባ የሚያስረዳ ታሪክ በአሜሪካ፣ በጆርጂያ ግዛት፣ ላግሬንጅ በተባለች ከተማ ተፈጽሟል። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ሬይ አንደርሰን የተባለ ሰው በ1973 ኢንተርፌስ የሚባል የምንጣፍ ኩባንያ አቋቋመ። ኩባንያው የሚሠራው በአራት ማዕዘን እየተቈረጠ የሚነጠፍ የቢሮ ምንጣፍ ሲሆን፣ ክሩ ናይለን፣ የናይለኑም ምንጭ ነዳጅ ዘይት ነው። አንደርሰን ሃያ ዓመት ሙሉ ሕግን ከማክበር ዐልፎ ስለ ምድር አስቦ እንደማያውቅ ራሱ ተናግሯል። በ1994 ደንበኞች «ለተፈጥሮ ምን ታደርጋላችሁ?» እያሉ ቢያስጨንቁ፣ ሠራተኞቹ ንግግር እንዲያደርግላቸው ለመኑት፤ እርሱ ግን የሚናገረው አልነበረውም። በዚያው ሰሞን ፖል ሀውከን ስለ ንግድና ስለ ተፈጥሮ የጻፈው መጽሐፍ እጁ ገባ። ሲያነበው እንደ ጦር ደረቱን እንደ ወጋውና እንዳለቀሰ ኋላ መስክሯል። ከዚያም በ2020 ኩባንያው በምድር ላይ የሚያደርሰውን ጕዳት ፈጽሞ ለማስቀረት ዓላማ አወጣ። ሠራተኞቹ በመጀመሪያ «አለቃችን አእምሮው ተናወጠ» ማለታቸውንም ሳይደብቅ ተርኳል።

እንግዲህ የአለቃው እንባ የሠራተኛው ሐሳብ የሆነው በምን ዐይነት መንገድ ነው? በንግግር ብቻ አልነበረም። ከ1995 ጀምሮ ሠራተኞቹ በየፋብሪካው በቡድን ሆነው ብክነትን እንዲያድኑ ተደረገ። ብክነት ማለትም ለገዢው ጥቅም የማይሰጥ ወጪ ሁሉ ነው ተባለ፤ ቍርጥራጭ ምንጣፍ ብቻ ሳይሆን ወደ ተሳሳተ አድራሻ የተላከ ዕቃ፣ ዋጋው የተዛባ ደረሰኝም ጭምር። አንድ ክር ሳቢ ስለ ዓለም አየር ጠባይ ሊከራከር ባይችል፣ በመኪናው ሥር የሚወድቀውን ክር ግን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። የሚያውቀውን ጠየቁት፣ ያለውንም ሠሩበት። አንደርሰን በ2009 ባደረገው ንግግር በዚህ መንገድ የዳነው ገንዘብ 400 ሚልዮን ዶላር ያህል መድረሱን ገልጿል።

በ1996 አንድ የኩባንያው ሠራተኛ የአለቃውን ንግግር ከሰማ በኋላ ገና ላልተወለደ ልጅ የተጻፈ ግጥም ላከለት። ማንም አላዘዘውም። አንደርሰንም በ2011 እስኪያርፍ ድረስ ያን ግጥም በየአደባባዩ ሲያነበው ኖረ። ደግሞም አንዲት እንግዳ ፋብሪካውን ሲጐበኙ ፎርክሊፍት የሚነዳውን ሠራተኛ «ሥራህ ምንድን ነው?» ቢሉት፣ ምድርን ለማዳን እንደሚሠራ መለሰላቸው፤ እርሳቸው ተገርመው ጥያቄ ሲያበዙበትም ጥቅሉን አሁን ካላደረሰ ብክነቱ እንደሚጨምር ነግሯቸው በትሕትና ተሰናበታቸው ተብሎ ይተረካል።

ኩባንያው በ2019 ዓላማዬ ደረሰ ሲል አስታወቀ። በእርግጥ ከሒሳቡ ውስጥ ከሌላ ስፍራ በገንዘብ የተገዛ የካርቦን ማካካሻም ነበረበት። እኛ በዚህ ላይ ጥቂት ቅር ይለናል፤ ሠራተኛው ማታ ለልጁ «ይህን ያህል ክር ከመጣል አዳንሁ» ብሎ ሊያወራ ይችላል፤ በሒሳብ ክፍል ስለ ተገዛው የምስክር ወረቀት ግን ምን ብሎ ያወራል?

በእኛ አገር በደቡብ ጎንደር ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ሳለ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ያለው ደን እንደ ደሴት ቆሞ ይታያል። ያን ደን የጠበቀው ሕዝብ በመቶኛ የተጻፈ ዓላማ አልነበረውም። አባቱ የተቀበረበት፣ ልጁ ክርስትና የተነሣበት ስፍራ መሆኑን ግን እያንዳንዱ ያውቃል።

ወደዚያ መሥሪያ ቤት ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሰን ነበር። ቧንቧው ተሠርቷል። አንድ አዲስ የጥገና ኀላፊ መጥተው የጽዳት ሠራተኞቹን ሰብስበው «በዚህ ቤት በከንቱ የሚፈስሰው ምንድን ነው?» ሲሉ እንደ ጠየቁ፣ ለቧንቧውም የጐደለው ትንሽ ጎማ ብቻ እንደ ነበረ እኒያው እናት ነገሩን። ባልዲያቸውን ግን አልጣሉትም፤ የዝናቡን ውኃ ከጣሪያ ይቀበሉበታል። አሁን ደግሞ በሦስተኛው ፎቅ ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ የሚያድረው መብራት የማን እንደ ሆነ እያጠያየቁ ነው።